ልጅ ሲዘገይ ባልም ይመርመር

ከሠርግ በኋላ ዓመት፣ ሁለት ዓመት አልፎ ልጅ ካልመጣ፣ የአማትም የጎረቤትም ዓይን የሚያርፈው በሚስት ሆድ ላይ ነው። ሐኪም ቤት የምትመላለሰው እሷ፣ ፀበል የምትጠመቀው እሷ፣ «መካን» የሚለውን ስም የምትሸከመውም እሷ ናት። ይህ ግፍ ነው። ለመውለድ ከተቸገሩ ባልና ሚስቶች በግማሽ ያህሉ ላይ ችግሩ በሙሉም ሆነ በከፊል ከወንዱ በኩል ይገኛል። ግንኙነት የማያስቸግረው፣ ጤነኛና ጠንካራ ወንድ በዘር ፈሳሹ ውስጥ አንድም የዘር ህዋስ ላይኖረው ይችላል።

የወንዱ ምርመራ ከሴቷ ምርመራ ይልቅ ቀላል ነው። ወንዱ ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅቦ ፈሳሹን ላቦራቶሪው በሚሰጠው ዕቃ ይሰጣል። ከቤት የሚያመጣ ከሆነ ዕቃውን እንዳይቀዘቅዝ ልብሱ ሥር ይዞ በ1 ሰዓት ውስጥ ያደርሳል። ባለሙያው የህዋሶቹን ብዛት፣ እንቅስቃሴና ቅርጽ በማይክሮስኮፕ ያያል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የብዛቱ ዝቅተኛ መነሻ በ1 ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ህዋስ ነው። ከዚያ ማነስ የመውለድ ዕድሉን ይቀንሳል እንጂ በሩን አይዘጋም። በአንድ ውጤት ብቻም አይፈረድም፤ የዘር ህዋስ ተሠርቶ ለመብሰል ሁለት ወር ተኩል ገደማ ስለሚፈጅ፣ ከሁለት ወር በፊት የነበረ ከባድ ትኩሳት ዛሬ ቁጥሩን ሊያወርደው ይችላል።

ቆለጥ ከሰውነት ውጭ የተንጠለጠለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሥራውን በደንብ የሚሠራው ከሰውነት ሙቀት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ዝቅ ሲል ነው። በሕፃንነቱ ቆለጡ ሳይወርድ የቀረ ልጅ ቶሎ መታከም ያለበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። ሊታከሙ ከሚችሉት ምክንያቶች በብዛት የሚታየው ቫሪኮሲል ይባላል። ከቆለጥ ደም የሚመልሱት ሥሮች ያብጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ በግራ በኩል ነው፣ ሰውየው ቆሞ ሲዳሰስ የተጠላለፈ ገመድ ይመስላል። ብዙዎች ሳያማቸው ዕድሜ ልክ ይኖሩበታል። አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ ግን በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል።

ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። በደንብ ያልታከሙ እንደ ጨብጥና ክላሚዲያ ያሉ የአባላዘር በሽታዎች የዘር ቱቦን ሊዘጉ ይችላሉ፤ ቲቢም እንዲሁ። ከጉርምስና በኋላ የያዘ ጆሮ ደግፍ ቆለጥን ሊጎዳ ይችላል። ከተፈጥሮ የመጣ የክሮሞዞም ችግርም አለ። ሲጋራ፣ መጠጥ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ ፀረ ተባይ ኬሚካልና የካንሰር መድኃኒትም ከዚሁ ጋር ይቆጠራሉ። የካንሰር ሕክምና የሚጀምር ወጣት ዘሩን አስቀድሞ ማስቀመጥ ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ በየጂሙ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው መርፌ ነው። ጡንቻ ለማብዛት የሚወሰድ ቴስቶስትሮን ወንድነትን የሚጨምር ይመስላል፤ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። አንጎል በደም ውስጥ ሆርሞኑ መብዛቱን ሲያይ ለቆለጥ የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል፣ ቆለጥም ዘር ማምረቱን ይተዋል። ቁጥሩ እስከ ዜሮ ሊወርድ ይችላል። መርፌው ሲቆም አብዛኛው ሰው ያገግማል፤ ግን ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል። ልጅ የሚፈልግ ወንድ «ኃይል ይሰጣል» ተብሎ ቴስቶስትሮን ቢታዘዝለት እንኳ፣ ልጅ እንደሚፈልግ ለሐኪሙ በግልጽ ይንገር።

ዘር ጨርሶ በፈሳሹ ባይገኝ እንኳ፣ አንዳንዴ ከቆለጥ በመርፌ ተወስዶ በላቦራቶሪ ከእንቁላል ጋር ይዋሐዳል። እንዲህ ያለውን ሕክምና ለማግኘት የግድ ውጭ አገር መሄድ ቀርቷል፤ አዲስ አበባ የሚገኘው የመንግሥቱ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለው።

ያለ መከላከያ 12 ወር ከሞከራችሁ፣ ሚስት ከ35 ዓመት በላይ ከሆነች ደግሞ 6 ወር ከሞላችሁ፣ አትጠብቁ። ወንድሜ፣ ባለቤትህን ብቻዋን አትላካት፤ ሁለታችሁም በአንድ ቀን ካርድ አውጡ።