የክረምት ዓሣ ማስገር በጣና፦ መረቡ ከወንዝ አፍ ይራቅ

ሰኔ ገብቶ የመጀመሪያው ጎርፍ ጣናን ማደፍረስ ሲጀምር፣ ነጭ ዓሣው ከሐይቁ ተነሥቶ ወደ ወንዞች አፍ ይሰበሰባል። ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል አባይ ወደ ሐይቁ የሚገቡባቸው ሥፍራዎች በሐምሌና በነሐሴ ዕንቁላል በያዙ ዓሦች ይሞላሉ። ዓሣው ደራሹን ውሃ ተከትሎ ሽቅብ ይወጣና፣ ውሃው በሚጠራበትና ጠጠር በበዛበት ገባር ወንዝ ዕንቁላሉን ጥሎ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። በዚህ መንገድ ላይ መረብ ዘርግቶ ለሚያድር አስጋሪ ከዚህ የቀለለ ምርት አይገኝም። ጉዳቱም የሚመጣው ከዚሁ ቅለት ነው።

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ ጥልቀቱ ግን እጅግ በሚጠልቅበት ሥፍራ እንኳ ከ14 ሜትር ገደማ አያልፍም። አባይ ከሐይቁ ወጥቶ ብዙ ሳይርቅ በጢስ እሳት ፏፏቴ ስለሚወርድ፣ ከታች ያለው ዓሣ ወደ ሐይቁ ሊወጣ አይችልም። እንዲህ ተለይቶ በኖረው ውሃ ውስጥ ተመራማሪዎች 15 ዓይነት ነጭ ዓሦችን ለይተው አውቀዋል። አብዛኞቹ ከጣና በስተቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። ከ15ቱ ውስጥ 8ቱ ሌላ ዓሣ እያሳደዱ የሚበሉ ሲሆኑ፣ ቢያንስ 7 ዓይነቶች ለመራባት ወደ ወንዝ እንደሚወጡ ተረጋግጧል።

ለብዙ ዘመን በጣና ላይ የሚሰገረው በደንገል ታንኳ፣ ከዳር ሳይርቁ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የሞተር ጀልባና ረጅም የናይለን መረብ ገባ። ምርቱ በእርግጥ አደገ፤ ገበያም ተከፈተ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የነበረው የነጭ ዓሣ ብዛት ከዐሥር ዓመት በኋላ እንደገና ሲጠና፣ ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ለዚህ በዋና ምክንያትነት የተጠቀሰው በመራቢያው ወቅት በወንዞች አፍ የሚዘረጋው መረብ ነው። ቆሮሶ በሐይቁ ዳር በሣርና በቄጠማ መካከል ስለሚራባ እንዲህ ባለ ወጥመድ አይጠረግም። ነጭ ዓሣ ግን መንገዱ አንድ ነው፤ በዚያ መንገድ ካለቀ የከርሞውም አብሮ ያልቃል።

እንግዲህ አስጋሪው በክረምት ምን ይብላ የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። «አታስግሩ» ብቻ ብሎ የሚመለስ መሪ ብዙ ሰሚ አያገኝም። ከአማራጮቹ አንዱ መንጠቆን ከታንኳ ኋላ እየጎተቱ ማስገር ነው። ዘዴው በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች በሰፊው ይሠራበታል፤ እዚያ ሐምሌና ነሐሴ የሙቀት ወራት ናቸው።

መሣሪያው ቀላል ነው። ከመንጠቆው በላይ ጥቂት ዶቃዎች በክሩ ላይ ይሰካሉ፤ ከዶቃዎቹም በላይ የማንኪያ አፍ የመሰለ ትንሽ ብልጭልጭ ቆርቆሮ በሽቦ ቀለበት ይንጠለጠላል። ታንኳው ሲሄድ ቆርቆሮው ክሩን እየዞረ ይሽከረከራል። አሳዳጅ ዓሣ ብልጭታውን የሚሸሽ ትንሽ ዓሣ መስሎት ይነክሳል፤ መንጠቆው ላይ ትል ቢጨመርበት ይበልጥ ይነሣሣል። በድፍርስ ውሃ ብልጭታው ብዙም አይታይም፤ ዓሣ ግን በጎኑ ባለው የስሜት መስመር የውሃውን መርገብገብ ያውቃል። ስለዚህ ለክረምት የሚሻለው ሰፊና ክብ ቆርቆሮ ነው፤ ቀስ ተብሎ ቢጎተትም ይዞራል፣ ውሃውንም በኃይል ይመታል። እንደ ቅጠል የጠበበው ፈጣን ጉተታ ይፈልጋል፤ በመቅዘፊያ ለሚሄድ ታንኳ አይመችም። ፍጥነቱ በሰዓት ከ2 እስከ 3 ኪሎ ሜትር፣ ይኸውም ከሰው እርምጃ ያነሰ ቢሆን ይበቃል። ጣና ጥልቅ ስላልሆነ ከባድ እርሳስ ማንጠልጠል አያስፈልግም። ክሩ እንዳይገመድ ግን ከመንጠቆው ከፍ ብሎ የሚዞር ማያያዣ መግባት አለበት፤ ይህ ከተዘነጋ የግማሽ ቀን ሥራ ክር በመፍታት ያልቃል። ታንኳው ሲታጠፍ በውስጥ በኩል ያለው ክር ይዘገይና ይሰምጣል፣ በውጭ በኩል ያለው ይፈጥንና ከፍ ይላል፤ ዓሣው በየትኛው ክር እንደነከሰ ያስተዋለ አስጋሪ በምን ፍጥነት መቅዘፍ እንዳለበት ይረዳል።

በዚህ መሣሪያ የሚገኘው ምርት ከመረብ ያነሰ መሆኑን መሸሸግ አይገባም። ቆሮሶም ዋነኛ ምግቡ በውሃ ውስጥ የሚበቅል ደቃቅ አረንጓዴ ተክል ስለሆነ ብልጭታ አያሳድድም። ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው፦ መረብ ውስጥ ያደረ ዓሣ እስኪነጋ ይሞታል፤ በመንጠቆ የተያዘች ዕንቁላል ያዘለች ዓሣ ግን ወዲያው ከተለቀቀች በሕይወት ልትተርፍ ትችላለች። በእርግጥ ጉተታውም ከወንዝ አፍ ርቆ፣ በሰፊው ሐይቅ ላይ መሆን አለበት፤ በወንዝ አፍ ላይ ከሆነ መንጠቆም ያው ጠራጊ ነው። በክረምት ነፋስና ማዕበል ስለሚያይል በደንገል ታንኳ ርቆ መሄድ ለሕይወት ያሰጋል፤ የሚሻለው በማለዳ ወጥቶ በጊዜ መመለስ ነው።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315፣ ከእርሱም ጋር የአማራ ክልል የራሱ አዋጅ፣ ለቁጥጥሩ መሠረት ሆነዋል። በወንዙ ዳር በየሌሊቱ ቆሞ የሚጠብቅ ተቆጣጣሪ ግን አይገኝም። ሥራው የሚወድቀው በቀበሌና በአስጋሪዎች ማኅበር መሪዎች ላይ ነው፤ ያውም በሐይቁ ዳር ባሉት ላይ ብቻ አይደለም። ከሐይቁ ብዙ ርቀው በጉማራና በርብ ገባሮች ዳር የሚኖሩ ገበሬዎች ዓሣ አስጋሪ ባይሆኑም፣ ዕንቁላሉ የሚጣልበት ጠጠር በእጃቸው ነው። ጠጠሩ ለግንባታ ሲዛቅ፣ ወይም የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ በጅረቱ ሲበተን፣ በሐይቁ ዳር የተጠበቀው ሁሉ ከላይ ይጠፋል። የላይኛውና የታችኛው ቀበሌ መሪዎች በአንድ ስብሰባ ተቀምጠው የትኛው ጅረት መራቢያ እንደሆነ መለየትና በመተዳደሪያ ደንባቸው ማስፈር ይችላሉ። ስብሰባው በግንቦት፣ አስጋሪው ለክረምቱ መረብ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ቢጠራ ይመረጣል፤ በሐምሌ መረቡ ከተዘረጋ በኋላ የሚደረግ ውይይት ጠብ ይሆናል።