ጠመንጃና ሐሺሽ አንድ ላይ ሲገኙ

በጎጃም ጠመንጃ መያዝ ከአባት ከአያት የቆየ ልማድ ነው። ከብትና ሰብል ይጠበቅበታል። ስለዚህ ብዙዎቻችን መሣሪያው በወንጀል መካከል ሲገኝ ቅጣት እንደሚያከብድ ልብ አንለውም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ነጋዴ ለአንድ ገበሬ፣ «አንተ ጠመንጃ አለህ፤ ይህን ጆንያ ከደብረ ማርቆስ ደጀን አድርስልኝ» አለው እንበል። ገበሬው ጆንያው ውስጥ ሐሺሽ መኖሩን ያውቃል። በሌሊት ሲጓዝ ጠባቂዎች አስቆሙት፤ እሱም ጠመንጃውን ደገነባቸው። በኋላ ተይዞ ሲጠየቅ፣ «አንድ ጥይት እንኳ አልተኮስኩም» ይላል። ይህ ያድነዋልን? አያድነውም።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፣ በአንቀጽ 525፣ አደንዛዥ ዕፅን ያለ ፈቃድ ማጓጓዝንና መሸጥን ይቀጣል። አንቀጽ 84 ደግሞ ቅጣት የሚያከብዱ ምክንያቶችን ይዘረዝራል። ወንጀሉን በሌሊት መፈጸም አንዱ ነው፤ በጦር መሣሪያ መጠቀምም ሌላው ነው። መጠቀም ማለት መተኮስ ብቻ አይደለም፤ ደግኖ ማስፈራራትም መጠቀም ነው።

ሌላም ነገር አለ። ጠመንጃው ፈቃድ ከሌለው ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ይህንንም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ይከለክላል። ያን ጊዜ ክሱ ሁለት ይሆናል። ዳኛው ለእያንዳንዱ ጥፋት ቅጣት ወስኖ ይደምራል።

ይህ የእኛ አገር ሕግ ብቻ አይደለም። በ1981 ዓ.ም. በቪየና የተደረገው የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ስምምነት፣ በመሣሪያ መጠቀም ጥፋቱን እንደሚያከብድ ይገልጻል። ኢትዮጵያም ስምምነቱን ተቀብላለች።

ሆኖም ሕጉ ወሰን አለው። ፈቃድ ያለው፣ ቤት ውስጥ የተሰቀለና ከጥፋቱ ጋር ያልተገናኘ ጠመንጃ «ተጠቀመበት» አያሰኝም። ስለዚህ የተከሰሰ ሰው፣ «መሣሪያው ከነገሩ ጋር ምን አገናኘው?» ብሎ መከራከር ይችላል። ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌለውና ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ከሆነ፣ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ይደነግጋል።

እንግዲህ «ጠመንጃ አለህና አድርስልኝ» የሚል ሰው ሲመጣ እናስተውል። የሚያሸክመን አንድ ጆንያ ይመስላል፤ ውስጡ ግን የብዙ ዓመት እስራት አለ። ልጆቻችንም ያለ አሳዳጊ፣ ማሳችንም ያለ አራሽ ይቀራል።