የሳንባ ነቀርሳን ዘር መቁጠር፦ ከወልዲያ የተገኘው ሰባተኛው ሐረግ

ከውርጌሳ ወደ ወልዲያ በሚኒባስ ስትሄዱ አንድ ሰው መስኮት ቢከፍት ምን እንደሚፈጠር ታውቃላችሁ። ገና መርሳ ሳትደርሱ ከኋላ "ዝጋው እንጂ፣ ንፋስ ይመታናል!" የሚል ድምፅ ይመጣል። መስኮቱም ይዘጋል። መኪናው ውስጥ የሳንባ ቲቢ ያለበት ሰው ቢያስል ግን የሚያሰጋው ከውጭ የሚገባው ንፋስ ሳይሆን ውስጥ ታፍኖ የቀረው አየር ነው። ባክቴሪያው የሚተላለፈው በአየር ነዋ!

ይህን ብዙዎቻችሁ ትምህርት ቤት ሰምታችኋል። ዛሬ የማነሳው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ያ ባክቴሪያ የማን ዘር ነው?

ባክቴሪያ ዘሩ ይቆጠራል እንዴ?

በብዙ አካባቢዎቻችን ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ሁለቱ ወጣቶች የትኛው ቅድመ አያት ላይ እንደሚገናኙ ለማወቅ ነው። ኮምፒውቴሽናል ባዮሎጂ፣ ማለትም የሕይወትን ጥያቄ በስሌትና በኮምፒውተር የሚመረምረው ሙያ፣ ለባክቴሪያ የሚያደርገውም ተመሳሳይ ነገር ነው።

የቲቢ ባክቴሪያ ጂኖም በአራት ዓይነት ፊደላት ብቻ የተጻፈ፣ 4.4 ሚሊዮን ገደማ ፊደል ያለው ጽሑፍ ነው ብላችሁ አስቡት። ባክቴሪያው ሲራባ ጽሑፉን ይገለብጣል። አልፎ አልፎ ታዲያ እንደ ድሮ ብራና ጸሐፊ አንዲት ፊደል ይስታል። ስህተቷም ለልጅ፣ ለልጅ ልጅ ትተላለፋለች። በቲቢ ባክቴሪያ ይህ የሚሆነው በአማካይ በ2 ዓመት 1 ጊዜ ገደማ ነው።

ስለዚህ የሁለት ሕሙማን ባክቴሪያ በጥቂት ፊደላት ብቻ ከተለያየ፣ በቅርቡ ከአንድ ምንጭ የመጣ ሊሆን ይችላል። በመቶዎች ከተለያየ ግን ዝምድናው የሩቅ ነው።

ወልዲያ ላይ የተገኘው ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2013 ረቡማ ፍርዴሳና ባልደረቦቻቸው ከኢትዮጵያውያን ሕሙማን የተወሰዱ 964 ናሙናዎችን መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። እስከዚያ ድረስ በሰው ላይ ቲቢ የሚያመጡት ባክቴሪያዎች በ6 ትላልቅ የዘር ሐረጎች ይመደቡ ነበር። ከናሙናዎቹ አንዳንዶቹ ግን ከስድስቱም ጋር አልገጥም አሉ። ሰባተኛ ሐረግ ተገኘ ማለት ነው። አብዛኞቹም የመጡት ከወልዲያ አካባቢ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2016 ሌሎች ተመራማሪዎች "ኤቲዮፕስ ቬተስ" የሚል ስም አቀረቡለት፤ "ጥንታዊው ኢትዮጵያዊ" እንደማለት ነው። ስምንተኛው ሐረግ ደግሞ በ2020 ከሩዋንዳና ከኡጋንዳ ናሙናዎች ታወቀ።

ታዲያ ምን አገባን?

እ.ኤ.አ. በ2015 ሰለሞን ይመርና ባልደረቦቻቸው በአማራ ክልል ባደረጉት ጥናት፣ በሰባተኛው ሐረግ የተያዙ ሕሙማን ከሌሎቹ ይልቅ ወደ ሕክምና ዘግይተው እንደሚሄዱ አይተዋል። ባክቴሪያው በላብራቶሪ ሲያድግም ዝግ ያለ ነው። ምናልባት ሕመሙ ቀስ እያለ ስለሚመጣ ሰው ይንቀው ይሆን? ወይስ ምክንያቱ የመንገድ ርቀትና የገንዘብ እጥረት ነው? ሁለቱን መለየት ቀላል አይደለም። መዘግየቱ ግን ዋጋ አለው፤ ሕክምና ያልጀመረ ሰው በየቀኑ ቤተሰቡን ሊያስይዝ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ችግር አለ። በብዛት የሚሠራበት የጂኖም ማንበቢያ ማሽን ሙሉውን ጽሑፍ ባንዴ አይሰጥም፤ 150 ፊደል ገደማ ያላቸው ሚሊዮን ቁርጥራጮች ነው የሚያወጣው። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ቁራጭ ከአንድ ማመሳከሪያ ጽሑፍ ጋር እያስተያየ ቦታውን ይፈልግለታል። ዋናው ማመሳከሪያ "ኤች37አርቪ" ይባላል። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1905 ከአንድ አሜሪካ ውስጥ ከነበረ ታማሚ የተወሰደ ባክቴሪያ ሲሆን፣ ጂኖሙ የታተመው በ1998 ነው። የአራተኛው ሐረግ አባል ነው።

የወልዲያው ባክቴሪያ ማመሳከሪያው የሌለው አንቀጽ ቢኖረውስ? ፕሮግራሙ "ቦታ አላገኘሁለትም" ብሎ ወደ ጎን ይተወዋል። እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው፤ ድሮ ቢሆን ያልገጠመ ዳታ ቆሻሻ ነው ብዬ እጥለው ነበር። አሁን ግን መጀመሪያ የምከፍተው እሱን ፋይል ነው። አዲሱ ነገር የሚደበቀው እዚያ ሊሆን ይችላልና።

ይህን ሥራ ማን ይሠራዋል?

ብዙውን ጊዜ የድህረ ዶክትሬት ተመራማሪ ነው። ድህረ ዶክትሬት ሌላ ዲግሪ እንዳይመስላችሁ። ዶክትሬቱን የጨረሰ ሰው አንድ የምርምር ጥያቄ ይዞ፣ በአብዛኛው ለ2 ወይም 3 ዓመት፣ ደመወዝ እየተከፈለው የሚሠራው ሥራ ነው። በሳንባ በሽታና ጂኖም ላይ የሚወጡ ማስታወቂያዎች አዘውትረው የሚጠይቁት ፕሮግራም መጻፍ (ፓይተን ወይም አር)፣ ሊኑክስ፣ ስታትስቲክስና የታተመ ጽሑፍ ነው። ከሒሳብ፣ ከፊዚክስ ወይም ከምህንድስና የመጣን ሰው የሚቀበሉም ብዙ ናቸው። ለምሳሌ የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ኪዩሪ የድህረ ዶክትሬት ድጋፍ አውሮፓ ውስጥ ለሚሠራ ምርምር የየትኛውም አገር ዜጋ ይቀበላል። አገር ውስጥም አዲስ አበባ ያለው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ተቋም ለረጅም ዓመታት በቲቢ ላይ ሲሠራ ቆይቷል።

"እኔ ገና አሥረኛ ክፍል ነኝ" ትሉ ይሆናል። ችግር የለም። በዓለም ዙሪያ የተነበቡ የቲቢ ጂኖሞች በነፃ የሚወርዱባቸው ክፍት ማከማቻዎች አሉ፤ ፓይተንም በነፃ ይገኛል። ሁለት ረጃጅም የፊደል ሰንሰለቶችን አወዳድሮ ልዩነታቸውን የሚቆጥር ትንሽ ፕሮግራም በመጻፍ ጀምሩ። ለባክቴሪያ ሰባት ቤት መቁጠር ማለት መነሻው ይኸው ነው።

ዲግሪ የማይጠይቅ ሥራም አለ። 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው ቤታችሁ ካለ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ጎትጉቱት። ሚኒባስ ውስጥም መስኮቱን ትንሽ ከፈት አድርጉ፤ የሚቆጣ ካለ ደግሞ ይህን ንገሩት።