ክረምቱ በሚረዝምበት ከተማ የቤት ውስጥ ብስክሌት

እናቴ ጡረታ የወጣች መምህር ናት። ዕድሜዋ ስልሳ ስምንት ነው፤ ስኳር አለባት፣ ቀኝ ጉልበቷም እንደ ድሮው አይታዘዛትም። የሚከታተላት ሐኪም ከመድኃኒቱ ጋር አንድ ነገር አዝዞላታል፦ በቀን ግማሽ ሰዓት መራመድ። በበጋ ይህ ችግር ሆኖ አያውቅም። ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ትወጣለች። መንገድ ላይ ከምታገኛቸው ሰዎች ግማሾቹ የድሮ ተማሪዎቿ ስለሆኑ ግማሽ ሰዓቱ ሳይታወቅ አንድ ሰዓት ይሞላል። ችግሩ መቱ ላይ በጋ አጭር መሆኑ ነው።

ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከፍ ብላ የተቀመጠችው ጎሬ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች። ክረምቱ አስመረረን የምንለው አዲስ አበባዎች የምናገኘው 1,200 ገደማ ነው። እዚያ ዝናቡ በሚያዝያ ይጀምርና ጥቅምትን ይነካል። ጫካውን ያቆመውም፣ ቡናውን ያበቀለውም እሱ ስለሆነ ማንም አይረግመውም። ቀዩ ጭቃ ያለበት ቁልቁለት ግን ለሽማግሌ እግር አይራራም። አምና ሰኔ ላይ እናቴ ከቤቷ ደጃፍ ሃምሳ እርምጃ ሳትርቅ ተንሸራታ ወደቀች። አጥንት አልተሰበረም፤ የተሰበረው ድፍረቷ ነው። ከዚያ በኋላ ከቤት መውጣት ተወች። በሁለተኛው ወር የስኳሯ ቁጥር ወደ ላይ ወጣ።

አራት ልጆች ነን፤ ሦስታችን አዲስ አበባ፣ አንዷ በደሌ። ማታ በስልክ ተሰብስበን ገንዘብ አዋጣንና ቤት ውስጥ ቆሞ የሚነዳ ብስክሌት እንግዛላት አልን። እሷ ሳቀች። «በዚህ ዕድሜዬ ብስክሌት? ሰፈሩ ምን ይለኛል?» አለች። ሳሎን ውስጥ እንጂ መንገድ ላይ እንደማይነዳ ስንነግራት ደግሞ፣ «የማይሄድ ብስክሌት ከሆነ ለምን ይገዛል?» ብላ ጠየቀች። ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ጥሩ መልስ አልነበረንም። ቢሆንም ገዛን፤ ተሳሳትንም።

የተሳሳትነው በዚህ ነው። ታናሽ ወንድማችን ሱቅ ገብቶ መረጠ፤ የመረጠው ግን በራሱ እግር ነበር። የወጣቶች ጂም ውስጥ የሚታየውን፣ ከፊቱ ከባድ የሚሽከረከር ብረት ያለውን ዓይነት ወደደ። ጠንካራ ነው፣ ያምራል። መቱ ደርሶ ሲገጠም ግን እናታችን እግሯን አሻግራ መውጣት አልቻለችም። ደግፈን ስናወጣት ኮርቻው እስከ መጨረሻው ዝቅ ብሎም ጫማዋ ፔዳሉን በጣቷ ጫፍ ብቻ ነካ። ከሁሉ የባሰው፣ የዚህ ዓይነቱ ብስክሌት ፔዳል ሰውየው ሲያቆም አብሮ አይቆምም። ብረቱ እስኪበርድ እግርን ይዞ ይዞራል። ለታመመ ጉልበት ይህ ቅጣት ነው። ሁለት ቀን ሞከረችው፤ በሦስተኛው ቀን ነጠላ ተሰጣበት። በመጨረሻ ለአንድ ወጣት በኪሳራ ሸጥነው።

ሁለተኛውን ስንገዛ ግን መጀመሪያ የጠየቅነው ስለ ዕቃው ሳይሆን ስለ እሷ ነበር። ቁመቷ ስንት ነው? ክብደቷስ? እግሯን ምን ያህል ማንሳት ትችላለች? ቤት ውስጥ ምን ለብሳ ትውላለች? የመጨረሻው ጥያቄ ቀልድ አይደለም። ረጅም ቀሚስና የነጠላ ጥለት በሚዞር ፔዳል ውስጥ ሊጠመጠሙ ይችላሉ። ስለዚህ ሰንሰለቱ ወይም ቺንጋው ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ መሆን አለበት። ሱሪ ወይም ቁምጣ የማይለብሱ እናቶች ከሆኑ ደግሞ ቀሚሱን ጉልበት ላይ የሚይዝ መቀነት ማሰር ይበጃል።

የትኛው ዓይነት ለማን ይሆናል?

ገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት አራት ናቸው። አንደኛው ያ እኛን ያሳሳተን የጂሙ ዓይነት ነው፤ ለወላጆቻችሁ እሱን እርሱት። ሁለተኛው እንደ መንገድ ብስክሌት ቀጥ ብለው የሚቀመጡበት ነው፤ ዋጋው መካከለኛ፣ ቦታ የሚይዘውም ጥቂት። ሦስተኛው ወንበር የመሰለ መቀመጫና የጀርባ መደገፊያ ያለው፣ ፔዳሉ ከፊት የሆነ ነው። ለወገብ ሕመምተኛ፣ ሚዛን መጠበቅ ለሚያስቸግረው፣ ከባድ ክብደት ላለው ሰው ከዚህ የሚሻል የለም፤ ዋጋው ግን ከቀጥታው ይበልጣል፣ ሳሎኑንም ይሞላል። አራተኛው የሚታጠፈው ነው። ርካሽና ቀላል ስለሆነ ጠባብ ቤት ለተከራየ ሰው ያመቻል። ነገር ግን ሲነዳ ሊወዛወዝ ስለሚችል፣ የሚሸከመውን ክብደት የሚናገረውን ጽሑፍ ሳያነቡ አይክፈሉ። ብዙዎቹ ርካሾች 100 ኪሎ ላይ ያቆማሉ። ሰውየው 95 ከሆነ ከፍ የሚለውን ይፈልጉ፤ ጫፍ ላይ የሚሠራ ዕቃ ዕድሜው አጭር ነው።

ከዓይነቱ ቀጥሎ የሚመጣው ፔዳሉ የሚከብድበት መንገድ ነው። በጣም ርካሾቹ ላይ እንደ ፍሬን ሸራ ያለ ነገር የሚዞረውን ብረት እየተጫነ ያከብደዋል። ይሠራል፤ ግን ሸራው ያልቃል፣ ይጮኻል፣ መለወጫውም መቱ ላይ በቀላሉ አይገኝም። ሌላው በማግኔት የሚሠራው ነው። ማግኔቱ ብረቱን ሳይነካ ስለሚይዘው የሚያልቅ ነገር የለም፣ ድምፅም የለውም። ከግድግዳ ማዶ ጎረቤት ላለው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። በእጅ የሚዞር ማክበጃ ያለው የማግኔት ብስክሌት መብራት አይፈልግም። ደቂቃና ፍጥነት የሚያሳየው ትንሽ ሰሌዳ የሚሠራው በሪሞት ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ቢያልቅ እንኳ ብስክሌቱ ይነዳል። መብራት ሲሄድ አብሮ የሚጠፋ፣ ሶኬት የሚፈልግ ዕቃ ግን ለከተሞቻችን አልመክርም። እኔ ብር ጨምሬ የምገዛው አንድ ነገር ቢኖር ማግኔቱን ነው። ለትልልቅ ሰሌዳ፣ ለሙዚቃ ማጫወቻ፣ ለካሎሪ ቁጥር አንድ ብር አልጨምርም። የካሎሪው ቁጥር እንደሆነ ግምት ነው።

ስለ ዋጋ ትጠይቁኛላችሁ። ቁጥር ብጽፍ ጋዜጣው መቱ ሳይደርስ ይለወጣል፤ በተለይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ የትናንቱን አይመስልም። በጀት ለጠበበበት ሰው መንገዱ ያገለገለ መግዛት ነው። ከቤት ዕቃ ሁሉ እንደዚህ ብስክሌት ሳይነካ የሚያረጅ ጥቂት ነው። ብዙ ሰው በጉጉት ይገዛዋል፣ ወር ይነዳዋል፣ ከዚያ ልብስ ይሰቅልበታል። ቤት የሚለቁ፣ ወደ ውጭ የሚሄዱ ቤተሰቦች በቴሌግራም ገበያ ላይ ይሸጡታል። አዲስ የሚፈልግ ደግሞ ስታዲየም ዙሪያ ያሉትን የስፖርት ዕቃ ሱቆች ዞሮ ቢያወዳድር አይከፋም።

ያገለገለውን ሲያዩ አይቸኩሉ። ላዩ ላይ ወጥተው አምስት ደቂቃ ሙሉ ይንዱት፤ ሻጩ ቡና ቢጋብዝዎት ከነዱ በኋላ ይጠጡ። በሚነዱበት ጊዜ በእያንዳንዱ ዙር «ቋ» የሚል ድምፅ ካለ ኩሽኔቱ ወይም የፔዳሉ ክንድ ላልቷል። ፔዳሉን በእጅዎ ይዘው ወደ ጎን ይነቅንቁት፤ መነቃነቅ የለበትም። ማክበጃውን ከ1 እስከ መጨረሻው ያዙሩ፤ ልዩነቱ በእግርዎ ካልታወቀ ገመዱ ተበጥሷል ወይም ማግኔቱ ከቦታው ወጥቷል። ኮርቻው ዝቅ ሲል ምን ያህል እንደሚወርድ ሜትር ይዘው ይለኩ። ልኩ ይህ ነው፦ አጠገቡ ሲቆሙ ኮርቻው የዳሌ አጥንት ላይ ይደርሳል፤ ተቀምጠው ፔዳሉ ታች ሲሆን ጉልበት በጥቂቱ እንደታጠፈ ይቀራል። ሙሉ በሙሉ ከተዘረጋ ከፍ ብሏል፣ ብዙ ከታጠፈ ደግሞ ዝቅ ብሏል፤ ጉልበትን የሚያሳምመው አብዛኛውን ጊዜ ይኸኛው ነው።

በፖርቶ መጋላ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር

ከአዲስ አበባ መቱ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዕቃው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ተገጣጥሞ አይጫን። ከመፈታቱ በፊት በየአቅጣጫው ፎቶ አንሱት፣ ቡሎንና ዳዶውን በአንድ ከረጢት አስራችሁ ከኮርቻው ጋር አጣብቁት፣ ሰሌዳውን ነቅላችሁ በእጃችሁ ያዙ። በሸራ ካልተጠቀለለ በደሌ ሳይደርስ ውኃ ይጠጣል።

ሲገጠም አንድ ነገር አደራ። የግራው ፔዳል ጥርስ ተገላቢጦሽ ነው። ቀኙ እንደ ማንኛውም ቡሎን ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል፣ ግራው ግን ወደ ግራ ሲዞር ነው የሚጠብቀው። ይህን የማያውቅ ጉልበተኛ የጎረቤት ልጅ በቁልፍ አስገድዶ ያስገባውና የክንዱን ጥርስ ይበላዋል። ከዚያ በኋላ ፔዳሉ በየሳምንቱ ይወልቃል። ፔዳሎቹ ላይ ቀኝና ግራ የሚለዩ ፊደላት አሉ፤ መጀመሪያ በጣት ብቻ አስገቡ፣ ቁልፍ በመጨረሻ። የመጀመሪያው ብስክሌታችን ላይ ይህም ደርሶብን ነበር፤ ለገዛው ወጣት ሳንደብቅ ነግረነዋል።

የአካባቢው እርጥበት ብረት ይበላል። ከመስኮት ሥር አታቁሙት፤ ከተነዳ በኋላ ላቡን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ በወር አንድ ጊዜ ቡሎኖቹን ማጥበቅና የኮርቻውን ብረት ግሪስ መቀባት ይበቃዋል። ሥሩ የድሮ የመኪና ላስቲክ ምንጣፍ ቢነጠፍ ሊሾውንም ይጠብቃል፣ ዕቃውም አይንሸራተትም።

ይህን ሁሉ ገንዘብ ማውጣት ለማይችል ቤተሰብስ? ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚነዱት ፔዳሉ ብቻ የሆነ ትንሽ ዕቃ አለ። ከሙሉው ብስክሌት ዋጋው በጣም ያነሰ ነው፤ ወደ ፊት እንዳይሸሽ ግድግዳ ማስደገፍ ግን ያሻል። አንዳንድ ቤት የልጆች አሮጌ ብስክሌት ይኖራል። ብየዳ ቤት ወስዶ የኋላ ጎማውን ከመሬት የሚያነሳ ማቆሚያ ማሠራት ይቻላል። ማቆሚያው ሰፊ እግር ይኑረው እንጂ ለወጣት ጥሩ መፍትሔ ነው። ለእናቴ ግን አላደርገውም። ከፍ ካለ ኮርቻ ላይ ሲወርዱ መውደቅ አለ፣ ሰንሰለቱም ክፍት ነው።

ከመጀመሪያው ዙር በፊት

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በአምስት ቀን ሲካፈል ሠላሳ ደቂቃ ነው። ሠላሳውን በአንድ ጊዜ መጨረስ ግዴታ አይደለም፤ ጠዋት አሥር፣ ከሰዓት አሥር፣ ማታ አሥርም ይቆጠራል። ጀማሪ በአምስት ደቂቃ ይጀምር። ልኩን የሚነግራችሁ ሰሌዳው ሳይሆን አፋችሁ ነው፤ እየነዱ ማውራት ከቻሉ ግን መዝፈን ካቃታቸው ልክ ነው። አንዳንድ የደም ግፊትና የልብ መድኃኒቶች የልብ ምትን ስለሚያዘገዩ የልብ ምት ቁጥር ላይ ብቻ መተማመን ያሳስታል።

የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ እንክብል የሚወስድ ከሆነ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድበት ይችላል። መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ድንገተኛ ረኃብ ወይም የሐሳብ መደናገር ከመጣ ወዲያው መውረድና ስኳር የበዛበት ሻይ መጠጣት ነው። በጾም ቀን፣ እስከ 9 ሰዓት የሚጾምም ሆነ ረመዳን የሚይዝ፣ ሆድ ባዶ ሆኖ አይነዳም፤ ከተበላ አንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ይሻላል። መድኃኒቱና እንቅስቃሴው እንዴት እንደሚጣጣሙ ደግሞ ለሚከታተላቸው ሐኪም ሳይነግሩ አይጀመርም። የደረት መጨነቅ፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ወይም ማዞር ከመጣ ወዲያው አቁሞ ወደ ሕክምና መሄድ ነው። ብስክሌቱ የማይሰጠው አንድ ነገር አለ፤ ሚዛን። ከ65 ዓመት በላይ ላለ ሰው የመውደቅ አደጋ ትልቅ ስለሆነ፣ የወንበር መደገፊያ ይዞ በአንድ እግር መቆምና ከወንበር ደጋግሞ መነሣት ይጨመርበት። እናቴን የጣላት የትንፋሽ ማነስ አልነበረም።

የልጅ ልጆች ያሉበት ቤት ደግሞ የትንሽ ልጅ ጣት የሚዞር ነገር ይወዳል። አያት ሲነዱ ሕፃን አጠገባቸው አይቀመጥ፤ ካበቁ በኋላ ማክበጃውን እስከ መጨረሻው አጥብቆ መተው ፔዳሉ በልጅ እጅ በቀላሉ እንዳይዞር ያደርጋል።

ሁለተኛው ብስክሌት ያገለገለ፣ ቀጥ ያለው ዓይነት፣ በማግኔት የሚሠራ ነው፤ መካከሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ እግር ሳያነሱ ይገባበታል። የመጀመሪያውን ሳምንት በኩርፊያ ነዳችው። አሁን ከሰዓት በኋላ ቡናው እየተቆላ አሥር ደቂቃ፣ ሁለተኛው ጀበና እየፈላ ሌላ አሥር ደቂቃ ትነዳለች። ጎረቤቷም ከእሷ ቀጥላ ትወጣበታለች፤ ተራ ይዘዋል። ባለፈው ክትትል ቁጥሯ ወደ ቀድሞው ቦታ እየተመለሰ መሆኑን ነግራን፣ «መድኃኒቱም ተቀይሮልኛል፣ ሁሉንም ለብስክሌታችሁ አትስጡት» አለችን። ኅዳር ላይ መንገዱ ሲደርቅ ሸራ አልብሳው ወደ እግር መንገዷ ትመለሳለች።