በቆሎን በጠብታ መስኖ ማልማት ያዋጣል? ሒሳቡን አብረን እንሥራው

ዝናቡ ሲያጥር ከኮምቦልቻ ወደ ሀርቡ ስትወርዱ ግራና ቀኙን አይታችሁ ይሆናል። በቆሎው ቁመቱ ሰው ያክላል፣ ቅጠሉ ግን ተጠቅልሏል። አገዳው አለ፣ ፍሬው የለም።

ለምን? ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዝናቡ ማነስ ብቻ ሳይሆን የቀረበት ቀን ነው። በቆሎ ከዘር እስከ አጨዳ ከ500 እስከ 800 ሚሊ ሜትር ውሃ ይፈልጋል። ጨርሶ መጠማት የሌለበት ጊዜ ግን አናቱ ላይ አበባ አውጥቶ የእሸቱ ጸጉር ብቅ የሚልበት ሰሞን ነው። ያኔ ውሃ ካጣ ጸጉሩ ይዘገያል፣ ከአበባው የሚረግፈው ዱቄትም አያገኘውም። እሸቱ ጥርሱ የወላለቀ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ቢዘንብም የጎደለው ፍሬ አይመለስም።

ጠብታ መስኖ የሚገባው እዚህ ጋር ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከፍ ካለ ቦታ ሮቶ ወይም በርሜል ይቀመጣል፣ ውሃው በማጣሪያ አልፎ ቀዳዳ ባላቸው ቀጫጭን ጎማዎች ይሄድና ሥሩ ጋ ጠብ ጠብ ይላል። መሬቱ ሁሉ ስለማይርስ አረሙም ይቀንሳል።

አሁን ሒሳቡ። አንድ ጥማድ (ሩብ ሄክታር) በቆሎ በሚያብብበት ሰሞን በቀን 6 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል እንበል። ይህ 15,000 ሊትር ነው። በቦይ ስናጠጣ ከምንለቀው 60 በመቶው ብቻ ሥሩ ጋ ቢደርስ 25,000 ሊትር መልቀቅ አለብን። በጠብታ 90 በመቶው ቢደርስ ወደ 16,700 ሊትር ይበቃል። በቀን ከ8,000 ሊትር በላይ ተረፈ ማለት ነው!

ግን ልብ በሉ፦ 16,700 ሊትር ራሱ ከ80 በላይ በርሜል ነው። ጠብታ መስኖ ውሃ ይቆጥባል እንጂ ውሃ አይፈጥርም። በአንድ በርሜል የጓሮ ጎመን ይጠጣል፣ ጥማድ ሙሉ በቆሎ ግን አይሞከርም።

ሁለተኛው ወጪ ጎማው ነው። በቆሎ በ75 ሳንቲ ሜትር መስመር ሲዘራ ለእያንዳንዱ መስመር አንድ ጎማ ከተዘረጋ ለጥማድ 3,300 ሜትር ገደማ ያስፈልጋል። አንዱን ጎማ በሁለት መስመር መሃል አድርጎ ለሁለቱም ማካፈል ግን ወደ 1,670 ሜትር ያወርደዋል። መስመሮቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ማቀራረብ ያስፈልጋል፣ ወጪው ግን በግማሽ ይቀንሳል።

ሦስተኛው ቆሻሻ ነው። ቦርከና ደለል ይሸከማል፣ የደሴና የኮምቦልቻ ፍሳሽም ይቀላቀልበታል። እንዲህ ያለ ውሃ ሳይጣራ ከገባ ቀዳዳዎቹ ወዲያው ይደፈናሉ። ማጣሪያውን ቶሎ ቶሎ ማጠብ፣ የጎማዎቹንም ጫፍ እየከፈቱ ማስወጣት ግድ ነው።

ለወሎ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በሰሜን ወሎ በቆቦ ጊራና ሸለቆ ከጥልቅ ጉድጓድ በሚወጣ ውሃ ጠብታ መስኖ ተሠርቶበታል። እንዲህ ዓይነቱ ሥራ ግን በፓምፕ የሚሄድ ነው፤ መብራት ወይም ነዳጅ ሲቋረጥ ጠብታውም ይቆማል።

ታዲያ ያዋጣል?

• ውሃችሁ ትንሽ የእጅ ጉድጓድ ከሆነ፦ ጎማውን መጀመሪያ ለቲማቲምና ለቃሪያ አውሉት።
• በቆሎ ከሆነ፦ ለእህል ሳይሆን ለእሸት አስቡት። ሌላው ሳይደርስ ደሴና ኮምቦልቻ ገበያ ላይ የወጣ እሸት የተሻለ ዋጋ ያገኛል።
• ዝናብ ካለ፦ ወቅቱን ሙሉ ማጠጣት አያስፈልግም። ውሃውን ለሚያብብበት ሰሞን አቆዩት።
• ዘሩንም ምረጡ፦ እንደ መልካሳ-2 ያሉ ለዝናብ አጠር አካባቢ የተለቀቁ ዝርያዎች አሉ። የወረዳችሁን ግብርና ባለሙያ ጠይቁ።

ቤተሰቦቻችሁ ቃሉ፣ ወረባቦ ወይም ተሁለደሬ የሚያርሱ ከሆነ ጎማ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ለኩ፦ ጉድጓዱ በቀን ስንት በርሜል ይሰጣል? ምን ያህል መሬት ማልማት እንደምትችሉ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ለገበሬ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት።