የሚያስተምር መርከበኛ ምን ይማራል?

አንድን ሥራ አሳምሮ መሥራትና ሥራውን ለሌላ ማስረዳት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። ልጆች ባለ ሸራ ጀልባ መንዳት የሚማሩባቸው የክረምት ካምፖች ይህን በግልጽ ያሳያሉ።

በብዙ አገሮች ጀማሪ ልጆች የሚለማመዱት ኦፕቲሚስት በተባለች ጀልባ ነው። ጀልባዋ እ.ኤ.አ. በ1947 በአሜሪካ ፍሎሪዳ የተሠራች ስትሆን ርዝመቷ 2.3 ሜትር ያህል ነው። ልጁ ብዙውን ጊዜ ብቻውን ስለሚነዳት፣ አስተማሪው በሌላ ጀልባ ሆኖ በቃል ይመራዋል።

ልምድ ያለው መርከበኛ የመሪውን እጀታ ወደ ግራ ሲገፋ ጀልባዋ ወደ ቀኝ እንደምትዞር እጁ ለምዶታል። ልጁ ግን «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል። አስተማሪው ለመመለስ ምክንያቱን ማሰብ አለበት፦ እጀታው ወደ ግራ ሲሄድ ውሃ ውስጥ ያለው መሪ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ውሃውም መሪውን ሲገፋው የጀልባዋ ኋላ ወደ ግራ፣ አፍንጫዋ ወደ ቀኝ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ የእጅ ልምዱ እውቀት ይሆናል።

ሁለተኛው ትምህርት መምረጥ ነው። ድንገት ነፋስ በርትቶ ጀልባዋ ስታጋድል የደነገጠ ልጅ ገመዱን አጥብቆ ይይዛል። ያኔ ለረጅም ማብራሪያ ጊዜ የለም፤ «ገመዱን ልቀቅ!» ማለት ይበቃል። ገመዱ ሲላላ ሸራው ነፋሱን ያሳልፋል፣ ጀልባዋም ትረጋጋለች። ከሚያውቀው ሁሉ ዋናውን መለየት የቻለ አስተማሪ፣ ራሱ በማዕበል ሲያዝም የሚቀድመውን ያውቃል።

ለጀማሪ ተማሪዎች ቱቶሪያል የምትሰጡ እህትና ወንድሞች፣ «ለምን?» ሲሏችሁ አትቸኩሉ። ጥያቄው ለእናንተም ትምህርት ነው።