ሁለቴ የተጠየቀ ፕሮሰሰር

ላፕቶፕ ሥራ ሲበዛበት የሚግለው፣ ሲያርፍ ደግሞ የሚቀዘቅዘው ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን እንደ ሥራው ስለሚለዋውጥ ነው። ፍሪኩዌንሲው ሲወርድ ቮልቴጁንም አብሮ ማውረድ ይቻላል፤ የኃይል ፍጆታው ደግሞ ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ስለሚሄድ ትንሽ ዝግ ማለት ለባትሪው ብዙ ያተርፋል።

ሊኑክስ ውስጥ ይህን የሚመራው ሲፒዩፍሪክ የሚባለው የከርነሉ ክፍል ነው። ምን ያህል ፍጥነት እንደሚያስፈልግ አብዛኛውን ጊዜ ገቨርነሩ ይወስናል፤ ድራይቨሩ ውሳኔውን ቺፑ በሚገባው መንገድ ያስፈጽማል፤ የሲፒዩፍሪክ ኮር መሃል ሆኖ ያገናኛቸዋል። ትርፍ ኮድ የሚጠራቀመው ድራይቨሮቹ ጋ ነው። አዲስ ድራይቨር የሚጽፍ ሰው የሌላውን ገልብጦ መነሳቱ የተለመደ ነዋ!

ከዚህ ትርፍ ኮድ አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። እያንዳንዱ ድራይቨር ኢኒት የሚባል የመነሻ ፋንክሽን አለው። ቀድሞ አብዛኞቹ እዚያ ውስጥ ሃርድዌሩን አሁን በስንት ፍጥነት እንደሚሠራ ይጠይቁና መልሱን በኪሎኸርዝ ይመዘግቡ ነበር፤ 1.2 ጊጋኸርዝ ከሆነ 1200000 ብለው። በ2013 እ.ኤ.አ. ግን ኮሩ ራሱ፣ ኢኒት እንዳለቀ ፍጥነቱን የሚያነበውን የድራይቨሩን ጌት ፋንክሽን ጠርቶ ያንኑ ቁጥር እንዲሞላ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ድራይቨሩ የሚጽፈው ኮሩ ወዲያው የሚደርብበትን ቁጥር ሆነ።

ቁጥሩን የሚመዘግበውን መስመር ከድራይቨሩ በማጥፋት ኮምፒውተሩ ይፈጥናል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ያዝናል፤ ኢኒት የሚሠራው በዋናነት ማሽኑ ሲነሳ ነው። ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው። ጌት ዜሮ ከመለሰ ኮሩ ስህተቱን መዝግቦ ማስነሳቱን ያቆማል። ይህ ማጣሪያ በየድራይቨሩ ከሚበተን አንድ ቦታ መቀመጡ በእኔ ግምት ከመስመር ቅነሳው በላይ ዋጋ አለው።

ማጥፋቱ ራሱ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ጊዜ የሚበላው ማጣራቱ ነው። ድራይቨሩ እዚያው ኢኒት ውስጥ ቁጥሩን መልሶ የሚያነብ ከሆነ መስመሩ ትርፍ አይደለም። ጌት የሌለው ድራይቨርም አለ። የኢንቴል ፒስቴት በአክቲቭ ሞድ ሲሠራ ፍጥነቱን የሚመርጠው በራሱ መንገድ ስለሆነ ኮሩ ይህን ጥያቄ አያቀርብለትም። ለውጡን ወደ አሮጌ ከርነል የሚወስድ ሰው ደግሞ ከሁሉ በፊት የዚያን ከርነል ኮር ከፍቶ ማየት አለበት፤ ጥሪው እዚያ ከሌለ ቁጥሩን የሚሞላው ያ ሊጠፋ የተፈለገው መስመር ብቻ ነው።